እርሳቸው ይቅር ቢሉ፣ ፍርድ ቤቱስ?

ዛሬ የማነሣው ነገር ከአንዲት የልብስ ስፌት መኪና የሚጀምር ነው።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም.። ወደ ሥራ ለመሄድ ከቤት ስወጣ ከእኛ ግቢ ሦስት በር ዝቅ ብሎ አንድ ባዶ አይሱዙ ቆሞ አየሁ። ዕቃው ጭቃው ላይ ነበር። አልጋ፣ ፍራሽ፣ ረከቦት፣ ተማሪዎች ለመስከረም ያዘዙት የዩኒፎርም ጨርቅ በጥቅል በጥቅሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአንድ ጎኗ የተጋደመች ሲንጀር መኪና። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እማማ የምንላቸው ባልቴት በራፉ ላይ ቆመው፣ ሰነድ የያዘውን ሰው «ልጄ፣ ላስቲክ እስካመጣ አንድ ሰዓት ስጠኝ» ይሉታል። ሰውየው የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛ ነው። በእናቱ ዕድሜ ያሉትን ሴት «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አላቸው። አንቺ ብሎ። ሁለት ፖሊሶች ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። ከቀን ሠራተኞቹ አንዱ ብቻ የራሱን ጃኬት አውልቆ መኪናዋ ላይ ጣል አደረገ።

እኔ ምን አደረግሁ? ጋዜጠኛ ነኝና ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ፤ ሁለት መስመር ጻፍሁ፤ ከዚያም «አላህ ያበርታዎት፣ እማማ» ብዬ ታክሲዬን ልይዝ ሄድሁ። ይህን የማነሣው ራሴን ከጉዳዩ ውጭ አድርጌ እንዳልጽፍ ነው።

አሁን ነገሩን ከሥሩ እንየው። ፍርዱ ትክክል ነበር። እማማ የአሥራ አራት ወር ኪራይ አልከፈሉም። ከሳዑዲ ገንዘብ ይልክላቸው የነበረው ልጃቸው ከተመለሰ ወዲህ አቅም አጡ። አከራያቸው ደግሞ ጨካኝ ሰው አይደሉም፤ የማከብራቸው፣ በጡረታና በዚያች ኪራይ የሚኖሩ ሐጂ ናቸው። ስምንት ወር ታገሡ፤ ከዚያ በኋላ ከሰሱ፤ ረቱ። ቤታቸውን የመረከብ መብት አላቸው። ድሃ የሆነ ሁሉ ተበዳይ፣ ቤት ያለው ሁሉ በዳይ ነው የሚል አጻጻፍ በጋዜጣ ላይ ይቀላል፤ እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። ፍርድ ተፈርዶ ሳይፈጸም ሲቀር የሚበደለው ሐጂን የመሰለ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ የአፈጻጸም ሠራተኛው ለእማማ «እስከ ሐሙስ ልቀቂ» ብሎ ነበር። የመጣው ማክሰኞ ነው። የታዘዘው ቤቱን አስለቅቆ እንዲያስረክብ ነው። ዕቃ ዝናብ ላይ ጣል፣ መኪና ስበር፣ ሽማግሌ አዋርድ የሚል ትእዛዝ ማንም ዳኛ አልጻፈለትም። እማማ በሦስተኛው ቀን ፍርድ ቤት ሄደው ሲያመለክቱ የተሰጣቸው መልስ አጭር ነበር፤ «ትእዛዙ ተፈጽሟል፤ መዝገቡ ተዘግቷል።» ልብ በሉ፤ ተዋሸ አልተባለም፤ ተሳስተዋልም አልተባሉም። መዝገቡ ተዘግቷል ብቻ ነው የተባሉት።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በቁጥር 404 ላይ ለዕዳ ሊያዙ የማይችሉ ንብረቶችን ይዘረዝራል። ባለዕዳው፣ ሚስቱና ልጆቹ የሚለብሱት ልብስ፣ የሚያበስሉበት ዕቃ፣ የሚተኙበት አልጋ አይያዝም። ሰውየው በሙያው የሚሠራበት መሣሪያም አይያዝም። እንግዲህ ሐጂ የአሥራ አራት ወር ዕዳቸውን ለማስከፈል ያችን ሲንጀር በሐራጅ ላሽጥ ቢሉ ሕጉ አይፈቅድላቸውም ነበር። ባለገንዘቡ በመብቱ ሊወስዳት የማይችላትን መኪና፣ አስፈጻሚው ያለ ማንም መብት ጭቃ ላይ ወርውሮ ሊሰብራት ይችላልን? ሕግ ከባለመብት የጠበቀውን ዕቃ ከራሱ ሠራተኛ እጅ ካልጠበቀው ጥበቃው ምኑ ላይ ነው?

ታዲያ በመስከረም 2017 ዓ.ም. እፍረቴ አላስተኛኝ ሲል እማማን ጠይቄ ማመልከቻ ጻፍንላቸው። ጥያቄው ቤቱ ይመለስ የሚል አልነበረም። የአፈጻጸም ሠራተኛው በዲሲፕሊን እንዲጠየቅ ነው። ነገሩ ወራት ፈጀ። ከዚያ በረመዷን፣ በመጨረሻዎቹ ዐሥር ሌሊቶች ውስጥ፣ ሽማግሌዎች መጡ። ሰውየው ተጸጽቷል፤ የመኪናዋን ማሠሪያ ይከፍላል፤ እማማም ዐውፍ ይበሉ። እማማ ለማልቀስ እንጂ ለመከራከር ጊዜ አልወሰዱም፤ «ለአላህ ብዬ ትቼዋለሁ» አሉ። አንድ ወረቀት ተዘጋጀ። እኔም በምስክርነት እንድፈርም ተጠራሁ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ነበሩ። አንደኛው እማማ ይቅር ማለታቸውን ይገልጻል። ሁለተኛው «ለፍርድ ቤቱም ያቀረብሁትን አቤቱታ አንስቻለሁ፤ ጉዳዩም እንዲዘጋ እጠይቃለሁ» ይላል። እኔን ያስቸገረኝና ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

ይቅርታ ታላቅ ነገር ነው። በረመዷን ሌሊት የተሰጠን ይቅርታ ማን ደፍሮ ይነካዋል? ነገር ግን እማማ ይቅር ያሉት የእርሳቸውን ነው፤ የተሰበረ ዕቃቸውን፣ የተዋረደ ክብራቸውን። ሰውየው ያን ዕለት በእጁ ይዞት የነበረው ማኅተም የእማማ ነበርን? አልነበረም። የእርሳቸው ያልሆነውን እንዴት አድርገው ይተዉታል?

ከመፍረዴ በፊት ሰውየውን ራሱን ልስማው ብዬ ሻይ ቤት ተቀጣጠርን። እውነቱን ለመናገር ሄጄ የጠበቅሁት ትዕቢተኛ ሰው ነበር፤ ያገኘሁት የደከመው ሰው ነው። «ወንድሜ፣ አንተ ያየኸኝ አንድ ቀን ነው» አለኝ። «እኔ በየሳምንቱ ሰው ከቤቱ አስወጣለሁ። ሁሉም ያለቅሳል። ቀን ብጨምርላቸው ባለመብቱ ‹ጉቦ በልቶ አዘገየ› ብሎ ይከሰኛል፤ በቀኑ ብሄድ ደግሞ አንተ ትከሰኛለህ።» በቀኑ አልሄድህም፣ ሁለት ቀን ቀድመህ ነው አልሁት። ዝም ብሎ ቆየና፣ «አይሱዙውንና የቀን ሠራተኞቹን የሚያቀርበው ባለመብቱ ነው። መኪናው የተገኘው ማክሰኞ ስለሆነ ማክሰኞ ሄድሁ» አለ። «አንቺ» ስላለበት ጉዳይ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። ለዚያ ምክንያት አልሰጠኝም።

ይህን ሰው ከሥራ አባርሩት ለማለት ከዚያ በኋላ አቅም አጣሁ። ይቅር በሉት ለማለትም አልቻልሁም። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ባለመብቱ በሚከራየው አይሱዙ የሚወሰን ከሆነ ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ አይደለማ!

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ይዞታል ብዬ ሳገላብጥ ብዙ የተማርሁት ከፊሊፒንስ ነው። እዚያ የፍርድ አስፈጻሚው መጠሪያ «ሸሪፍ» ነው (እኛ ዘንድ ቃሉ ለሌላ ክብር የተለየ በመሆኑ አንባቢ እንዳይደናገር)። በ1987 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሕገ መንግሥታቸው በፍርድ ቤቶችና በሠራተኞቻቸው ሁሉ ላይ ያለውን አስተዳደራዊ ቁጥጥር ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰጥቷል። ስለዚህ አንድ ሸሪፍ በአንዲት ትንሽ ከተማ በር ሰብሮ ቢገባ ጉዳዩ የአገሪቱ ከፍተኛ ዳኞች ዘንድ ሊደርስ ይችላል፤ ውሳኔውም በአደባባይ ይወጣል። በሥነ ሥርዓት ደንባቸው ክፍል 39 መሠረት ሸሪፉ ሰውን ከማስወጣቱ በፊት በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ በሰላም እንዲለቅ መጠየቅ አለበት። በቦታው ላይ የተሠራ ግንባታ ካለ ደግሞ የማስለቀቂያው ትእዛዝ ብቻ አይበቃውም፤ ለማፍረስ ባለመብቱ አመልክቶ፣ ሌላው ወገን ተሰምቶ፣ የተለየ ትእዛዝ ሊወጣ ይገባል። ይህን ዘለው ያስለቀቁ ወይም ያፈረሱ ሸሪፎች ተቀጥተዋል፤ ከደመወዝና ከሥራ የታገዱ አሉ፤ የተሰናበቱም አሉ። ፍርዱ ትክክል ነበር የሚለው መከላከያ አላዳናቸውም። በአንጻሩ ያለምክንያት ያዘገየም ይቀጣል፤ ፍርድን ማስፈጸም የምርጫ ጉዳይ አይደለምና። ሻይ ቤት ያገኘሁት ሰው የነገረኝ ጭንቀት እዚያም አለ፤ ልዩነቱ ግን እዚያ የቀኑ ቁጥር በሕግ ተጽፎለታል። «ሦስት ቀን ሰጠሁ» ሲል ጉቦ በላህ የሚለው የለም።

ስለ ወጪም የሚያስገርም ጥንቃቄ አላቸው። ሸሪፉ ለመጓጓዣና ለሠራተኛ የሚያስፈልገውን ግምት አውጥቶ ፍርድ ቤቱ ያጸድቀዋል፤ ባለመብቱ ገንዘቡን ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ያስይዛል፤ ሸሪፉ ሂሳብ ያወራርዳል፤ የተረፈው ለከፋዩ ይመለሳል። ከባለመብቱ እጅ በቀጥታ መቀበል፣ ሰውየው በፈቃዱ ቢሰጠውም እንኳ፣ ጥፋት ነው። ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩትና ሲመለስ «ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው» በማለቱ በአደባባይ የተወቀሰው ሰው ነው። ቤቱ ቁጭ ቢል ኖሮ ስጦታው ይመጣለት ነበር ወይ ነበር የወቀሳው ፍሬ ነገር። የሐጂ አይሱዙም ስጦታ አይደለም፤ ግን ቀኑን የወሰነው እርሱ ነው።

ኒው ዮርክ ደግሞ የባሰ ፈተና አለበት። የከተማዋ ማርሻሎች በከንቲባው ይሾማሉ፤ የሚኖሩት በደመወዝ ሳይሆን ከሥራው በሚያገኙት ክፍያ ነው። ብዙ በር የከፈተ ብዙ ያገኛል ማለት ነው። ይህ አሠራር ለእኔ አይዋጥልኝም። ነገር ግን ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሕጉ የዐሥራ አራት ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጡ፣ በሥራ ቀን፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላና ሳትጠልቅ ብቻ እንዲያስለቅቁ ያስገድዳቸዋል፤ የሚቆጣጠራቸውም ራሱን የቻለ የከተማው የምርመራ መሥሪያ ቤት ነው።

ወደ እማማ ወረቀት ልመለስ። የፊሊፒንስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደጋግሞ ያጸናው አንድ አቋም አለ፤ ከሳሹ አቤቱታውን ቢያነሣም በሠራተኛው ላይ የተጀመረው የዲሲፕሊን ጉዳይ አይቆምም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዲሲፕሊን ክስ የሚጣራው የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ጠባይ ነው፤ አመልካቹ ምስክር ነው እንጂ የጉዳዩ ባለቤት አይደለም። እንደዚያ ባይሆን ኖሮ ፍርድ ቤት የራሱን ቤት የሚያጸዳው ድሃ አቤት ለማለት ጽናት ሲያገኝ ብቻ ይሆን ነበር። ሽማግሌ የመጣበት፣ ገንዘብ የተከፈለው፣ የተፈራ፣ የደከመው ሁሉ ይተወዋል። ሠራተኛውም የሚማረው ትምህርት ሕግን ማክበር ሳይሆን ከአጠፉ በኋላ ሽማግሌ መላክ ይሆናል።

ይህ የባዕድ አገር ፍልስፍና የሚመስለው ካለ የራሳችንን ፉቀሃእ ይመልከት። በ450 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት አል-ማወርዲ ስለ መንግሥት አስተዳደር በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ስለ ተዕዚር ሲናገሩ፣ ተበዳዩ የራሱን ሐቅ ይቅር ቢልም ባለሥልጣኑ ጥፋተኛውን የማረም ሥልጣን እንደሚቀርለት አስረድተዋል። የሰው ሐቅ አለ፤ የሕዝብ ሐቅ አለ። አንዱ ሲነሣ ሌላው አብሮ አይነሣም። ባለሥልጣኑም መርምሮ ሊያርም ወይም ሊተው ይችላል፤ ይህ ግን የእርሱ ውሳኔ ነው፤ ሽማግሌ በወረቀት የሚያስረክበው አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ለሌላው ወገን ሚዛን የሚደፋ ታሪክ አለና ልደብቀው አልፈልግም። መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ወደ በኑ ጀዚማ ተላኩ። ሰዎቹ እስልምናን መቀበላቸውን በቅጡ መግለጽ ባለመቻላቸው ኻሊድ ገደሉ፣ ማረኩ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር ምርኮኛውን እንዲገድል ሲታዘዝ እምቢ አለ። ወሬው ሲደርሳቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ኻሊድ ካደረገው ነገር ንጹሕ መሆናቸውን ለአላህ ሁለት ጊዜ ገለጹ። ከዚያም ዐሊይን ገንዘብ አስይዘው ላኩ። ዐሊይ የደም ካሣውን ከፈሉ፤ የንብረቱንም ከፈሉ፤ የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ውሻ የሚጠጣበት ገበታ እንኳ ሳይቀር ካሡ፤ የተረፈውንም ገንዘብ ያልታወቀ ጉዳት ቢኖር ብለው ትተውላቸው ተመለሱ።

ኻሊድ ከአዛዥነታቸው አልተነሡም። በዚህ የሚከራከሩ ወንድሞች አሉ፤ «እንግዲህ ሰውየውን ማሰናበት ምን ያስፈልጋል?» ይላሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ የጥፋቱ መጠንም፣ የሰውየው ጸጸትም፣ የእማማ ይቅርታም በቅጣቱ ልክ ላይ ሊታዩ ይገባል። ነገር ግን የውሻ ገበታ ካሣ የተከፈለው ከማን ካዝና ነው? ከኻሊድ ኪስ አልነበረም። የላከው ወገን ከፈለ። ከዚያም በላይ የላከው ወገን በሰው ሁሉ ፊት «ይህ የእኔ ትእዛዝ አይደለም» አለ። ለእማማ እስከ ዛሬ እንደዚያ ያላቸው የለም። የመኪናዋን ማሠሪያ የሚከፍለው ከደመወዙ ቆርሶ ያ የደከመው ሰው ነው። የላከው ቤት አፉን አልከፈተም።

ሕጋችን በዚህ ላይ ዝም ያለ እንዳይመስላችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2126 እና 2127 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ያደረሰውን ጉዳት እንዲክስ ይደነግጋል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ፣ ማለትም በሥልጣኑ ክልል ውስጥ በቅን ልቦና ለመንግሥት ይጠቅማል ብሎ የሠራው ከሆነ፣ ተጎጂው ከመንግሥትም ካሣ መጠየቅ ይችላል። የግል ጥፋት ከሆነ ሠራተኛው ብቻውን ይቀራል። እነሆ ጥበቡ፤ ዲሲፕሊን ካልተጣራ የጥፋቱ ዓይነት አይታወቅም። ማክሰኞ የሄደው አይሱዙ ስለተገኘ ነው፤ ይህ ምናልባት የአሠራር ጥፋት ነው። «አንቺ» ያለው ግን ከማንም አሠራር አልመጣም። በሽምግልና ወረቀት ሁለቱ ተደባልቀው ይቀበራሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ መሆኑን ሲናገር፣ «ተበዳዩ ካልተወው በቀር» የሚል አልጨመረበትም።

ሐጂን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ፍርዱ የተፈጸመው ለእርሳቸው ነውና የእርሳቸውም ስም አብሮ ጭቃ ላይ ወድቋል። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ቤቴን ነው የጠየቅሁ። የእርሳቸውን መኪና መሰበር በዱዓዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ሰው ግን ዛሬ ሲያየኝ ዝናብ ላይ የጣለ ይለኛል።» ስለዚህ የተበደለው ሦስተኛ ሰውም አለ፤ ወረቀቱ ላይ ስሙ የለም።

በቀጠሮው ምሽት ከኢፍጣር በኋላ እማማ ዘንድ ተሰበሰብን። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ከፈረምሁ ወዲያ ሁለተኛው ካልተሰረዘ እንደማልፈርም ነገርኋቸው። አንዱ ሽማግሌ ተቆጡ። «እርሳቸው ይቅር ያሉትን አንተ ማን ነህና ትይዛለህ?» አሉኝ። እኔ አልያዝሁም፤ ግን እርሳቸውም የመልቀቅ ሥልጣን የላቸውም፤ ጉዳዩን የሚዘጋው ፍርድ ቤቱ ራሱ አይቶት ነው አልሁ። እማማ ለረዥም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጁ ልጆች አሉት። ከእንጀራው እንዳያወጡት ጻፉልኝ» አሉ። ይህንን በእርሳቸው ቃል ጻፍን። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር በእስክሪብቶ ተሰረዘ። እማማ በጣታቸው ፈረሙ፤ እኔም ፈረምሁ።

ማመልከቻው እዚያው ፍርድ ቤት አለ። መኪናዋ ተሠርታለች፤ አንዱ ማርሽ ግን እንደ ድሮው አይሽከረከርም ይላሉ እማማ። ያ ሽማግሌ ደግሞ እስከ ዛሬ መስጊድ በር ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን የሚመልሱልኝ በግማሽ ድምፅ ነው።